አፖስትሮፍ በእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር ላይ፦ ይግባ ወይስ ይቅር?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የምኅጻረ ቃላት፣ የአሃዞችና የፊደላት ብዙ ቁጥር ያለ አፖስትሮፍ (’) መጻፍ አለበት።

ደጋፊ፦ አፖስትሮፍ በእንግሊዝኛ ዋና ሥራው ሁለት ነው፤ የተጣለ ፊደልን ቦታ ያመለክታል፣ ባለቤትነትንም ያሳያል። ብዙ ቁጥር ከሁለቱም የለበትም። ስለዚህ ሲዲ (CD) ወይም ኤምፒ (MP፣ የፓርላማ አባል) ሲበዙ ትንሿን ኤስ (s) መጨረሻቸው ላይ መቀጠል ይበቃል። ምልክቱን የሚጨምር ሰው ጉዳት የሌለው ጌጥ ያከለ ይመስለው ይሆናል፤ ሆኖም የአንድ ኤምፒ ውሳኔ ሲጻፍ አፖስትሮፉ ከኤስ በፊት፣ የብዙ ኤምፒዎች ሲሆን ደግሞ ከኤስ በኋላ ስለሚገባ፣ ለተራው ብዙ ቁጥር ያው ምልክት ከተሰጠ አንባቢው የሌለ ንብረት ፍለጋ ወደሚቀጥለው ቃል ይሄዳል። በአሜሪካ የታወቁት የቺካጎም ሆነ የዜና ወኪሉ የአሶሺየትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ እንደ ሲዲ ላሉ ምኅጻረ ቃላትና ለአስርት ዓመታት አፖስትሮፍ አያስገቡም።

ተቃዋሚ፦ ስለ ኤምፒ ያሉት ያስማማናል። ሐሳቡ ግን ፊደላትንም ጠቅልሎ ስለያዘ እዚያ ላይ ይሰናከላል። ትልቁ ኤ (A) ላይ ኤስ ቢቀጠል «አዝ» (As)፣ አይ (I) ላይ ቢቀጠል «ኢዝ» (Is)፣ ዩ (U) ላይ ቢቀጠል «አስ» (Us) የተባሉት የታወቁ ቃላት ይወጣሉ። አንድ መምህር ኤ ማግኘት ከባድ መሆኑን ሲጽፍ ዐረፍተ ነገሩን በዚህ ብዙ ቁጥር ቢጀምር፣ አንባቢው «አዝ» ብሎ ይነሳና ግሱ ላይ ሲደርስ ግራ ተጋብቶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። እርስዎ የጠቀሱት አሶሺየትድ ፕሬስ ራሱ ለነጠላ ፊደል አፖስትሮፍ ያዛል፤ ቺካጎም ለትናንሽ ፊደላት ይጠቀምበታል። ኒው ዮርክ ታይምስ ደግሞ ለብዙ ዓመታት አስርት ዓመታትን እንኳ በአፖስትሮፍ ይጽፍ ነበር፤ አንባቢዎቹም 1980ዎቹን የአንድ ዓመት ንብረት አድርገው አልተረዱትም። ደች (የሆላንድ) ቋንቋማ እስከ ዛሬ የፎቶን ብዙ ቁጥር በአፖስትሮፍ ይጽፋል።

ደጋፊ፦ ደች ምክንያት አለው፤ ምልክቱ ካልገባ የመጨረሻው አናባቢ አጥሮ ይነበባል። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። የአስርት ዓመታቱ ልማድ ያመጣውንም ጣጣ እናውቀዋለን፦ 1990ዎቹን አሳጥሮ በ90 ብቻ የሚጽፍ ሰው ለተጣለው 19 ከፊት አፖስትሮፍ ያስገባል፤ ይህ ትክክል ነው። ከኋላም ሲደግመው ግን አንዱ ምልክት በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ትርጉም ይይዛል። (ኮምፒውተሩም የፊተኛውን እንደ ጥቅስ መክፈቻ ቆጥሮ ብዙ ጊዜ ያዞረዋል።) ነጠላ ፊደልን በተመለከተ ፊደሉን ብቻ አዘንብሎ መጻፍ ወይም ዐረፍተ ነገሩን መለወጥ ይቻላል።

ተቃዋሚ፦ ያዘነበለ ፊደል ለመጽሐፍ አሳታሚ ይመቻል፤ በእጅ ለሚጽፍ ወይም በስልኩ አጭር መልእክት ለሚልክ ሰው አይደርስም። ዐረፍተ ነገርን መለወጥም ቢሆን ደንቡ እንደማይሠራ አምኖ መሸሽ ነው። «ከነጠላ ፊደላት በቀር» የሚል ሐረግ ከተጨመረበት ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ አሁን እንደቀረበ ግን ድምፄን አልሰጠውም።