2 ዓመት ለአንቴና ሥራ አይበቃም
የአንቴና ምርምር ጆርናሎችን በኢምፓክት ፋክተር ብቻ የሚያወዳድር ጽሑፍ አንብቤ አልተዋጠልኝም። ይህ ቁጥር የሚያሰላው በአንድ ጆርናል ላይ ባለፉት 2 ዓመታት የወጡ ጽሑፎች በዓመቱ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ነው። በእኛ ሙያ 2 ዓመት ምን አላት? ነድፈን፣ ቦርዱን አሠርተን፣ የመለኪያ ክፍል ወረፋ ስንጠብቅ ታልቃለች። ተመራማሪው ቹ በ1948 እ.ኤ.አ. ስለ ትንንሽ አንቴናዎች የባንድ ስፋት (የሚሠሩበት የፍሪኩዌንሲ ክልል) ገደብ የጻፈው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ያ ሁሉ ጥቅስ ለዚህ ስሌት ከቁጥር አይገባም።

እኔ ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ተሠርቶ የተለካውን የአንቴናውን ውጤት የሚያሳየውን ኩርባ ነው። 28 ጊጋኸርዝ ፍሪኩዌንሲ ላይ ኮኔክተሩ (ገመዱን ከአንቴናው የሚያገናኘው) ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ከቦታው ቢዛነፍ የተለካው ውጤት በኮምፒውተር ከተሰላው ሲሙሌሽን ይለያል። ያንን ልዩነት ሳይደብቅ ምክንያቱን የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ የትም ይታተም፣ ለተማሪዎቼ የምሰጠው እሱን ነው።