ጠዋት 12 ሰዓት ላይስ ማን ያስነፋዋል?

ኧረ ይኼ ሹፌርን መሣሪያ እያስነፉ የሚያደርጉት የአዲስ አበባ የአልኮል ፍተሻ! ቦታ ካልተቀያየረ ምን ይረባል? ጠጪው ተደዋውሎ በቅያስ ሹልክ ነው። አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል መሣሪያው የሚያሳየውን ቁጥር ስለሚያንረው ከመጨረሻው ጉንጭ በኋላ 15 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ወዲያው ካስነፉት ሹፌሩ ይከራከራል፣ እውነቱን ነው። የሚነፋባት ፕላስቲክ ለየሰው አዲስ ናት፤ እሷ ካለቀች ፍተሻውም አለቀ። መሣሪያው በየጊዜው ካልተስተካከለማ ቁጥሩን ማን ያምናል?

ከሁሉ የሚያበሽቀው ግን «ቡና ጠጥቻለሁ» ባዩ። ቡና እንቅልፍ ያባርር እንደሆነ እንጂ አልኮሉን የሚያጠፋውን ጉበት አያስሮጥም! ጉበት በሰዓት አንድ ጠርሙስ ቢራ እንኳ በቅጡ አይጨርስም። ከምሽቱ 2 እስከ እኩለ ሌሊት ስምንት ቢራ ያወረደ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ታክሲ ሲያስነሳ ደሙ ገና ከአልኮል አልጠራለትም። ያኔ ደግሞ ፈታሹ ተኝቷል።