ትንሽ አይገድልም ባዮች ሆይ፣ እጃችሁ ይባረክ

አንድ ሰው «ይሄ ምግብ አለርጂ አለብኝ» ካለ፣ ከሐኪም ቀድመው ምርመራ የሚጀምሩ ሊቃውንት አሉን። ደም አይቀዱ፣ ቆዳ አይጭሩ። የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ትንሽም?» መልሱን ሳይሰሙ ውጤቱን ይነግራሉ፦ «ትንሽ አይገድልም።» እንዲህ ያለ ፈጣን ላቦራቶሪ በእጃችን እያለ ሆስፒታል ወረፋ የምንይዘው ምን አጥተን ነው?

ሳይንስማ መከረኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ሪሼና ፖርቲዬ የተባሉ ፈረንሳውያን አንድን ውሻ በባሕር እንስሳ መርዝ ወጉት፤ ደህና ሆነ። ከሳምንታት በኋላ በጥቂቱ ሲደግሙለት ግን ወዲያው ትንፋሽ አጥሮት፣ ደም አስመልሶት ሞተ። ነገሩን፣ ማለትም መላ ሰውነትን በድንገት የሚያናጋውን ከባድ አለርጂ፣ አናፊላክሲስ አሉት፤ ሪሼም በ1913 ኖቤል ተሸለመበት። ምናለ ያኔ ከእኛ ሊቃውንት አንዱ አጠገባቸው ቢኖር! «ባለፈው ምንም አልሆነም እኮ፣ ሌላ ነገር ነው የገደለው» ብሎ ከድካም ይገላግላቸው ነበር።

ከሊቃውንቱ አንዷ የገዛ አክስቴ ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው። በአንድ ልደት ላይ ኬኩ ኦቾሎኒ ተነስንሶበት ቀረበ። ታናሽ ወንድሜ ኦቾሎኒ እንደማይነካ ያውቃሉ። ታዲያ ልጁ ሲቀር ዓይናቸው ያያል? ሹካ አነሡና ፍሬውን አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። የለቀሙትን መዳፋቸው ላይ አጠራቀሙ፣ የተቦረቦረውን ክሬም በጣታቸው ደልድለው አስተካከሉ፣ ጣታቸውንም ላስ አደረጉ። «በል ብላ፣ አሁን ንጹሕ ነው።»

እንግዲህ አለርጂ የሚያስነሣው ፕሮቲኑ ነው፤ ክሬሙ ላይ፣ ሹካው ላይ፣ ጣታቸው ላይ ቀርቷል። «ተቆልቷል እኮ» ያሉትም ቢሆን፣ የኦቾሎኒ ፕሮቲን በመቆላት የሚበገር አይደለም። ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለአክስት ማን አፍ አውጥቶ ይናገራል? ወንድሜም አፈረና ጫፏን ቀመሰ።

መጀመሪያ ከንፈሩ አበጠ። «ፊቱ ሞላ፣ ምግቡ ተስማማው!» አሉ አንድ እንግዳ። ቀጥሎ አንገቱ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ ድምፁ ጎረነነ። ያኔ ጉባኤው ተሰየመ። አንዱ ወተት አምጡ አለ። ሌላው «አየር ያግኝ» ብሎ ብድግ አድርጎ አቆመው፤ የደም ግፊቱ የወረደን ሰው ማቆም ልብን ሊያስቆም ይችላል፤ ይህ ሰው ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይወድም። አንዷ የማሳከክ ኪኒን አወጡ። ኪኒኑ ሽፍታውን ያስታግሣል፤ የተዘጋ ጉሮሮ ባይከፍት፣ የወረደ ግፊት ባይመልስስ ምን አለበት? ወንድሜ ቦርሳ ውስጥ የነበረውን፣ ለእንዲህ ያለ አለርጂ የሚወጋውን የኤፒነፍሪን መርፌ ሳወጣ ግን ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። በመጨረሻ አንድ መርፌ የሚያስፈራው ጉባኤ! በኬኩ ያልፈራ፣ ጭን ላይ በምትወጋ መርፌ ፈራ። በሱሪው ላይ፣ ከጭኑ ውጨኛ ጎን ወጋሁት፤ አጋድሜ እግሩን ከፍ አደረግሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስላልተሻለው ሁለተኛውን ደገምኩና ወደ ሆስፒታል ሄድን። እዚያም አለርጂው ከሰዓታት በኋላ ሊመለስበት ስለሚችል አሳደሩት። ሊቃውንቱ «አሁንማ ደህና ነው፣ ወደ ቤት ውሰዱት» ብለው ነበር፤ ሐኪሞቹ አላደመጡም፤ ንቀት ነው።

«ወተት እኔንም ይነፋኛል፣ ግን እጠጣለሁ» የሚሉትን ጀግኖች ሳላመሰግን አላልፍም። የእነሱ የወተት ስኳር አለመፈጨት ነው፤ አንጀት ያስጮኻል። አለርጂው ግን ሰውነት የወተትን ፕሮቲን እንደ ጠላት ሲዋጋ ነው። ሁለቱም ከወተት ስለመጡ አንድ ናቸው ማለት ቀላል ነው። ሽንኩርት ስለማይጥመው ብቻ «አለርጂ አለብኝ» የሚለውም ውለታው ብዙ ነው፤ እውነተኛው ሲመጣ ማንም እንዳያምነው መንገዱን ጠርጎ ሄዷል።

በማግስቱ አክስቴ ሆስፒታል መጡ። ወንድሜን ግንባሩን ሳሙና «ባዶ ሆድህን ነበርክ፣ ለዚያ ነው» አሉት። ከዚያ ከዘንቢላቸው በፎጣ የተጠቀለለ ሳህን አወጡ።

«ከትናንቱ የተረፈ ነው» አሉ፣ «አትፍራ፤ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አንድም ሳይቀር ለቅሜዋለሁ።»