አንድ የሊኑክስ ፋይል ከደብረ ብርሃን ይጥፋ?

ዛሬ የታፈነውን ሁሉ ልተንፍሰው። ረጅም ነው፤ የቸኮለ ይለፈው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፊልም የሚጭን ቤት በሽ ነው። የቱርኩ፣ የህንዱ፣ የኮሪያው፣ ትርጉሙ ሁሉ አለ። ፍላሽህን ትሰጣለህ፤ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ሞልቶ ይጠብቅሃል። አንድ ተከታታይ ፊልም ብቻውን ከአስር ጊጋ በላይ ይወስዳል፤ ማንም ከበደኝ አይልም። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው፣ ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም) ግን ከነመጻፊያው፣ ከነብራውዘሩ፣ ከነፊልም ማጫወቻው 3 ጊጋ ገደማ ነው። ይህችን 3 ጊጋ ብላችሁ ከጠባሴ እስከ መናኸሪያ ያለውን የኮምፒውተር ቤት ሁሉ ዙሩ። አታገኟትም። እኔ ዞሬያለሁ። «ዊንዶውስ ልጫንልህ፣ ከነክራኩ» ያለኝ ብዙ ነው፤ ክራክ ሳይከፈል የፈቃድ ቁልፉን የሚሰብር ፕሮግራም ነው። «እሱ ለሃከሮች ነው» ያለኝም አለ። አንዱ ደግሞ «ወንድሜ፣ እዚህ አገር የሚጠይቀው ሰው የለም» ብሎ ፍላሼን መለሰልኝ።

እንዴት የለም? ፊቱ ቆሜ እየጠየቅኩት!

ለሃከሮች ነው ላሉትም መልስ አለኝ። የዓለምን 500 ፈጣን ሱፐር ኮምፒውተሮች የያዘው ዝርዝር ውስጥ ያሉት በሙሉ ከኅዳር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። እናንተ ኪስ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክም በሊኑክስ ከርነል (በሲስተሙ እምብርት) ላይ ነው የተሠራው። እናቶቻችን በየቀኑ ይነካኩታል። ሃከር ናቸው?

እኔ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሊኑክስ የፈለግኩት ለጉራ አይደለም፤ ፍላሽ አስመርሮኝ ነው። ይህን ሥራ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም ትመጣለች። ፍላሹ ከእኔ በፊት ሦስት ማተሚያ ቤት ዞሯል። ሲከፈት ፎልደሩ በሙሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ ምልክት) ሆኗል። ልጅቷ ፊቷ ይለዋወጣል። «ጠፋ ማለት ነው? ሌላ ቅጂ የለኝም እኮ» ትላለች። ከዚያ ቫይረሱ ወደኔ ማሽን ይገባል፣ ከኔ ማሽን ወደሚቀጥለው ደንበኛ ፍላሽ። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ፎርማት። ቫይረስ ሲበዛ ፎርማት። ብር ይከፈላል፣ ሥራ ይቆማል፣ ሳምንት ሳይሞላ እዚያው። ደግሞ ክራክ የሚሉት ነገር ገና ሲጀምር «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። በሩን ከፍተህ ሌባ ገባ ብትል ማን ይሰማሃል?

ሊኑክስ ላይ ይህ የሾርትከት ቫይረስ አይነሳም። ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ እዚያ እንደ ተራ ፋይል ተጋድሞ ይቀራል፤ አይተህ ትሰርዘዋለህ። ከሁሉ ደስ ያለኝ ደግሞ ቫይረሱ የደበቃቸው ፎልደሮች እዚያው ቁልጭ ብለው መታየታቸው ነው። ዋናው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም፤ ተደብቆ ነው። ስንት ተማሪ ነው ይህን የሚነግረው አጥቶ ጽሑፉን እንደገና ያስተየበው? ይሄ ነው ደሜን የሚያፈላው።

ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የኛ ሰው እጅ ላይ ያለው ግን ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። 4ኛ ጄኔሬሽን፣ 4 ጊጋ ራም፣ ባትሪው ያለቀ። ይህን ማሽን ምን እናድርገው? ሚንት ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይበቃኛል ይላል፤ 4 ከሆነ ደህና ይሄዳል። ለኛ የተሠራ ነው የሚመስለው። እና ለምን አይደርሰንም?

የማውረዱን ነገር ልንገራችሁ። የቀኑ ጥቅል ውድ ነው፤ ስለዚህ የሌሊቱን ትገዛለህ። የደብረ ብርሃን ሌሊት በጥቅምትና በኅዳር ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ማስረዳት ይከብደኛል። ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርበህ፣ መስኮቱ ውርጭ ይዞ፣ ዓይንህ መቶኛዋ ቁጥር ላይ። ሰማንያ ሁለት። ሰማንያ ሦስት። ከዚያ መብራት ሄደ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። መብራት ሲመለስ ብራውዘሩ ማውረዱን ከዜሮ ይጀምረዋል። የተከፈለበት ዳታ ግን ከዜሮ አይጀምርም፤ እሱ አልቋል።

መመሪያ የሚጽፉት ሰዎች ይህን አንድም ቦታ አያነሱትም። «ፋይሉን ያውርዱ» ትላለች የመጀመሪያዋ መስመር። ሁለት ቃል! ከዚያ ወዲያው ወደ ሁለተኛው እርምጃ። የኛ ዋናው ትግል እኮ እነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ ነው ያለው። ቢያንስ በቶረንት አውርዱ ብሎ የሚመክር ይኑር። ቶረንት ፋይሉን ከብዙ ሰዎች ኮምፒውተር በቁርጥራጭ የሚያወርድ ዘዴ ነው፤ ቢቋረጥ ከቆመበት ይቀጥላል፤ እያንዳንዱን ቁራጭ እየመረመረ ስለሚያስገባም ፋይሉ ተበላሽቶ አይደርስም። በሌላ መንገድ ያወረደ ሰው ደግሞ ወደ ፍላሽ ከመጻፉ በፊት ሻ 256 የሚባለውን ማረጋገጫ ቁጥር ያመሳክር። የጎደለ ፋይል መጫኑ መሃል ላይ ሲደርስ ነው ጉድ የሚያደርገው።

አንድ ዘመን ለኛ ዓይነቱ ሰው የሚያስብ ነበር። ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ የሊኑክስ ዓይነት የሚያዘጋጀው ካኖኒካል የተባለ ድርጅት ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ሲዲውን በነፃ፣ በፖስታ፣ ለጠየቀው ሁሉ በየአገሩ ይልክ ነበር። አድራሻህን ትሰጣለህ፣ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይገባልሃል። ያ ቀረ። ዛሬ የኡቡንቱ 24.04 ፋይል ራሱ 6 ጊጋ ገደማ ደርሷል። ፋይሉ እየወፈረ ሄደ፤ ለመንገዱ ግን የሚጨነቅ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ። የአክስቴ ልጅ መሐል ሜዳ ነው ያለው። ቴክኒክና ሙያ ጨርሷል፤ እጁ የማያርፍ ልጅ ነው። ፋይሉን ከእኔ ወስዶ ላፕቶፑ ላይ ጫነው። መጫኑ አልከበደውም። ቋንቋ መረጠ፣ የሰዓት ክልል መረጠ፣ ስምና የይለፍ ቃል ሰጠ፣ አለቀ። ማታ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ሁሉም ነገር ይሠራል። ዋይፋይ ብቻ የለም።»

«ምን ይላል?»

«ድራይቨር አውርድ ይላል። በምን ላውርድ? ዋይፋዩን አጥፍቶት!»

እስቲ ፍረዱ። ድራይቨር ማለት ሲስተሙ ዋይፋዩን የሚያዝበት ፕሮግራም ነው። ኢንተርኔት እንዲሠራ ድራይቨር አውርድ፤ ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ይኑርህ። አንዳንድ ቺፕ አምራቾች የድራይቨራቸውን ኮድ ክፍት ስለማያደርጉ ሲስተሙ ውስጥ ገብቶ አይመጣም። መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነው። ስልክህን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር ታገናኛለህ፣ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ታበራለህ፤ ወዲያው እንደ ኬብል ኢንተርኔት ይይዛል። ከዚያ ድራይቨር ማኔጀር የሚለውን ከፍተህ የጎደለውን ትጭናለህ። ልጁ ይህን ሳያውቅ ሊኑክሱን ጠራርጎ ወደ ክራኩ ሊመለስ ነበር። ስንቱ በዚህች ነገር ብቻ ተስፋ ቆርጦ ተመለሰ? ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ዴቢያን እንኳ ከስሪት 12 ጀምሮ፣ ከሰኔ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ማለት ነው፣ ክፍት ያልሆኑትን ፈርምዌሮች (እንደ ዋይፋይ ካርድ ያለውን ዕቃ የሚያሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) መጫኛው ውስጥ አብሮ አስገብቷል። ሰው መቸገሩን አይተው ነው። የተባረኩ ናቸው።

ልጁ ሊኑክስን ተምሮታል ይባላል እኮ! ክፍል ውስጥ ተምሯል። በሰሌዳ። ትእዛዞቹን ደብተር ላይ ገልብጦ፣ ሸምድዶ፣ ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈትኖ አለፈ። ኤልኤስ ዝርዝር ያሳያል፣ ሲዲ ፎልደር ይቀይራል፣ ሱዶ ሥልጣን ይሰጣል። እነዚህን ትእዛዞች በእጁ የጻፈበት ማሽን ግን አንድም አልነበረም። ሃያ ኮምፒውተር የተደረደረበት ክፍል እያለ አንዱ ላይ እንኳ ሊኑክስ አልተጫነም። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የተሰረቀው ጊዜው ነው። አስተማሪ የሆናችሁ ወንድም እህቶቼ አትቀየሙኝ፣ ግን ከፍላሽ ላይ ሳይጫን ብቻ አስነስቶ መሞከር እንደሚቻል እያወቃችሁ ዝም ማለት ምን የሚሉት ነው? ፍላሹ ሲነቀል ኮምፒውተሩ እንደነበረ ነው። ማንም አይጠይቃችሁም።

ስለ አማርኛ መጻፊያው ብዙ አልልም፤ እሱ ከጠበቅኩት ይሻላል። አይባስ ኤም 17 ኤን የሚባለው ፓኬጅ ከተጫነ በኋላ እንደለመድከው እንደ ድምፁ በላቲን ፊደል «selam» ብለህ ስትጽፍ «ሰላም» ይወጣልሃል። ፓኬጁ ትንሽ ነው፤ ስልክ ላይ ባለ ዳታ ይወርዳል። ችግሩ የድሮ ፋይል ነው። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ቢሆንም፣ በየቢሮው ያለው ደብዳቤ ገና በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተተየበ ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ቁርጥራጭ ይሆናል። ደንበኛው «ሊኑክስህ አበላሸብኝ» ይላል። አላበላሸውም፤ ፎንቱ የሌለው ዊንዶውስም እንዲሁ ነው የሚያሳየው። ፎንቱን ከድሮው ማሽን ገልብጦ ማስገባት ብቻ ነው። ኒያላ በሚባለው የዊንዶውስ ፎንት የተጻፈም ሲመጣ መስመሩ ይዛነፋል፤ ፎንቱ ሊኑክስ ውስጥ ስለሌለ በሌላ ይተካዋል። ባለጉዳይ ቆሞ እየጠበቀ ይህን ማስረዳት አድካሚ ነው፣ ግን ይቻላል።

ዊንዶውስንና ሊኑክስን አንድ ኮምፒውተር ላይ ለምትጭኑ ደግሞ፣ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቢልባችሁ አትደንግጡ። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ልክ ነው የሚያስቀምጠው፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። የሚያስተካክል አንድ መስመር ትእዛዝ አለ፤ ለመጣ ሁሉ እሰጣለሁ።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሥራውን ለዓለም ያስታወቀው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ወር። ሄልሲንኪ የሚማር ልጅ ነበር። ኮዱን ለሁሉም ለቀቀው፤ ቀጥሎም ማንም እንዲያይ፣ እንዲያሻሽል፣ እንዲገለብጥ በሚፈቅድ ፈቃድ ሥር አደረገው። ልብ በሉ፣ መገልበጥ ይፈቀዳል። ፊልም የምትጭኑ ወንድሞቼ፣ መደርደሪያችሁ ላይ ካለው ሁሉ ያለ ስጋት መገልበጥ የምትችሉት ይህን ነው። ታዲያ እንዴት እሱ ብቻ ይጠፋል? ሃርድ ዲስካችሁ ላይ 3 ጊጋ ቦታ ጠፍቶ ነው? ለግልበጣው እንደ ፊልሙ አስከፍሉ፤ ማንም አይቃወምም። ፈቃዱም አይከለክልም።

አዲስ አበባ የምትመላለሱም አላችሁ። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ትመለሳላችሁ። ደህና ኢንተርኔት ያለበት ቢሮ ነው የምትሠሩት። አንድ ፍላሽ ሞልታችሁ ብትመጡ ደብረ ሲና ላለው፣ ሸዋ ሮቢት ላለው፣ ዓለም ከተማ ላለው ይዳረሳል። አንድ ሰው አንዴ ካወረደ ሌላው ለምን ሌሊቱን በብርድ ይቀጣል? ተጨማሪ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው። አፕት ጌት በሚለው ትእዛዝ የወረዱ ፓኬጆች ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ (/var/cache/apt/archives) በሚለው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ያንን ፎልደር በፍላሽ ገልብጣችሁ ተመሳሳይ ስሪት ወዳለው ሌላ ማሽን ብትወስዱ፣ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። እኔና የአክስቴ ልጅ እንዲህ ነው የምንዳረሰው። እሱ ሲመጣ ወይ ሰው ሲልክ ፎልደሩን እሰጠዋለሁ፤ መሐል ሜዳ ላይ ደግሞ እሱ ለጓደኞቹ ያድላል።

እኔ ቤት አሁን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው፣ ለደካማ ማሽን የሚሆነው ቀለል ያለ የሚንት ዓይነት ፋይል አለ። የአማርኛ መጻፊያ ፓኬጁ አለ። አስቸጋሪ ለሆኑት የዋይፋይ ካርዶች የሚሆኑ ድራይቨሮች አሉ። ላፕቶፑን ከፍላሽ ለማስነሳት የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው የላፕቶፑ ጥበቃ) ቢያስቸግር ምን እንደሚደረግ በአማርኛ የጻፍኩት አንድ ገጽ አለ፤ አትሜ እሰጣለሁ። ብር አልቀበልም። ሥራ ከሚበዛበት ሰኞ ጠዋት በቀር መቼም ኑ፤ አድራሻውን በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ። ፍላሹ 8 ጊጋና ከዚያ በላይ ይሁን። ባዶ አድርጋችሁ አምጡ፤ መጫኛው ሲጻፍበት ያለውን ሁሉ ይደመስሰዋል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ይዛችሁ የምትመጡ ደግሞ መብራት መኖሩን ደውላችሁ ጠይቁኝ። ዲስኩ እየተከፋፈለ እያለ መብራት ከሄደ ያለውን ፋይል ይዞት ሊሄድ ይችላል።