ቤት ያፈራው አክሽን

አንድ ፊልም የሜክሲኮ ርካሽ አክሽን መሆኑን ለመለየት የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይበቃሉ። ፒክአፕ ይመጣል፤ አቧራው ቀድሞት ይደርሳል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የአዞ ቆዳ ቦት ጫማ ነው። ቀጥሎ ሆድ የሚሸፍን የቀበቶ ዘለበት፣ ቀጥሎ ባርኔጣ። ፊት የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እሱም ግማሹ ሪዝ ነው። እስካሁን ቃል የተነፈሰ የለም፤ ግን ሰው እንደሚሞት ለተመልካቹ ሁሉ ገብቶታል። ያልገባው ለሟቹ ብቻ ነው።

የዚህ ሲኒማ ዋና ሕግ ቤት ያፈራውን ማቅረብ ነው። ሌላው ዓለም ታሪክ ጽፎ ዕቃ ይፈልጋል፤ እነዚህ ዕቃ ቆጥረው ታሪክ ይጽፋሉ። የፕሮዲውሰሩ ጓደኛ የጭነት መኪና ካለው ጀግናው ሾፌር ይሆናል። ወንድሙ ከብት ካረባ የወንበዴዎቹም አለቃ ከብት ያረባል። ቤት የፈነዳ ከመሰላችሁ ደግሞ አስተውሉ፤ የፈነዳው ከጎኑ የቆመው በርሜል ነው። ቤቱ ነገ ለሌላ ፊልም ይፈለጋል።

ሂሳቡ ከነዝርዝሩ አደባባይ የወጣለት «ኤል ማሪያቺ» ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።) የቴክሳሱ ልጅ ሮበርት ሮድሪገስ በ1991 ድንበር ተሻግሮ የሜክሲኮዋ ሲውዳድ አኩኛ ገባ። ሐሳቡ ለስፓንኛ የቪዲዮ ገበያ የሚሸጥ ፊልም ሠርቶ እጁን ማፍታታት ነበር። ወጪው 7,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ከፊሉንም ያገኘው ለመድኃኒት ሙከራ ገላውን አከራይቶ ነው። ታሪኩን ሲጽፍ በነፃ የሚያገኘውን ቆጠረ፦ መጠጥ ቤት፣ አውቶቡስ፣ እስር ቤት፣ አንድ ውሻ። እናም ፊልሙ ላይ መጠጥ ቤት አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ እስር ቤት አለ፣ ውሻውም አለ። ካሜራው የውሰት ነው። የካሜራ ሐዲድ ስላልነበረ ዳይሬክተሩ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተገፋ። ገንዘቡን የበላው የፊልሙ ጥቅልና እጥበቱ ስለሆነ አብዛኛው ትዕይንት የተቀረጸው አንዴ ብቻ ነው። ተዋናዩ ከተደናቀፈ ገጸ ባሕርዩ ተደናቃፊ ሆኖ ይቀጥላል።

ተኩሱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መሣሪያዎቹ ከአካባቢው ፖሊስ የተዋሷቸው እውነተኛ ጠመንጃዎች ነበሩ፤ እርሳስ የሌለው ጥይት ሲሰጣቸው አንዴ ጮኸው ቀጥ ይላሉ። አውቶማቲክ መሣሪያ ቀጣዩን ጥይት የሚያጎርሰው በተተኮሰው ጥይት ግፊት ነው፤ አፈሙዙን የሚዘጋ እርሳስ ከሌለ ግፊቱ በፊት በር ያመልጣል። መድኃኒቱ ይኸውና፦ አንድ ተኩሶ ማቆም፣ ካሜራውን ወደ ሌላ ጎን ማዞር፣ አሁንም አንድ መተኮስ። ኤዲቲንግ ላይ ቁርጥራጩን አጣብቆ ድምፁን መደጋገም ነው፤ ተመልካቹ መትረየስ ሰማሁ ብሎ ቤቱ ይገባል። ደሙ በኮንዶም የተቋጠረ ቀይ ፈሳሽ ነው፤ ከሥሩ ትንሽ ፈንጂ አለ፣ ተዋናዩን የሚያተርፈው ደግሞ ክብደት አንሺ የሚታጠቀው ሰፊ ቀበቶ ነው።

ንግግሩም ለብቻው የተቀዳ ነው፤ ተዋናዩ ካሜራው ከጠፋ በኋላ ያንኑ ቃል ይደግመዋል። ከንፈርና ቃል ሲጣሉ ሌላ ነገር ያሳያሉ፤ ለምሳሌ ውሻውን። ውሻው ፊልሙ ላይ ያን ያህል ደጋግሞ ብቅ የሚለው ችሎታው ታይቶለት እንዳይመስላችሁ። ይህ ሥራ ግን በ1993 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ።

ድርሰት መጻፍም ወጪ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ የተጻፈና የተወደደ ነገር ይፈለጋል፦ ኮሪዶ። ኮሪዶ ማን ምን ጭኖ፣ በየት አልፎ፣ ማን እጅ እንደወደቀ የሚተርክ ዘፈን ነው። ሎስ ቲግሬስ ዴል ኖርቴ የሚባለው ባንድ የዘፈናቸው ሁለት ኮሪዶዎች በ1970ዎቹ ፊልም ሆነዋል። በአንደኛው ካሜሊያና ኤሚልዮ ቫሬላ የመኪናቸውን ጎማ በማሪዋና ሞልተው ከቲዋና ሎስ አንጀለስ ይገባሉ፤ ገንዘቡ ሲካፈል ሰውዬው ወደ ሌላ ሴት ልሄድ ነው ይላል፣ ሰባት ጥይት ይጮኻል። በሁለተኛው ቀይ መኪና መቶ ኪሎ ኮኬይን ጭና ወደ ቺካጎ ትነሳለች። ሕዝቡ መጨረሻውን በቃሉ ይዞ ነው ትኬት የሚቆርጠው። ታሪኩን ቀድሞ የነገረ ሰው እዚያ አገር አይሰደብም፤ ማስታወቂያ ሠሪ ነው።

ቀይዋን መኪና ፊልም ላይ ካጀቧት ተዋንያን መካከል የአልማዳ ወንድማማቾች አሉ። ማሪዮ አልማዳ ከ300 በላይ ፊልሞች ላይ ታይቷል፣ ያም ሆኖ ፊቱ ያው ነው፦ ኮስታራ፣ ዝምተኛ፣ ባለ ሪዝ። ይህ በገንዘብ ሲተመን ቀላል አይደለም። የማይለዋወጥ ፊት ከየትኛውም ፊልም ጋር ይገጥማል፤ ዝምተኛ ጀግና ደግሞ ከንፈሩ ከቃሉ አይጣላም። ሴት ጀግና የለም እንዳይባል በ1980ዎቹ ሎላ መጣች፦ አባቷ ዕፅ አልጭንም ብሎ ሲገደል ተሳቢውን ራሷ መንዳት የጀመረች። ሮሳ ግሎሪያ ቻጎያን በአጭር ቁምጣ መሪ ስትጨብጥ ሲኒማ ቤቶቹ ሞሉ። የዝግ ችሎቱን ክርክር፣ ሕዝቡ የመጣው ለፍትሕ ነው ወይስ ለቁምጣው የሚለውን፣ እኛ አንገባበትም።

ከነሱ በፊት የነገሡት ባለጭንብል ነጻ ትግል ታጋዮቹ ናቸው። ኤል ሳንቶ ከ50 በላይ ፊልሞች ላይ ከደም መጣጭ ሴቶች፣ ከማርስ ወራሪዎችና ከእብድ ሳይንቲስቶች ጋር ታግሏል። ሱፍ ልብስ ለብሶ ብርማ ጭንብሉን ሳያወልቅ እራት ቤት ሲገባ አስተናጋጁ ምን ላምጣ ይለዋል፤ ፖሊስም መታወቂያ አይጠይቀውም። በየመሀሉ ታሪኩ ቆሞ ሙሉ የሪንግ ትግል ይገባል፤ ትግል ንግግር አይፈልግም፣ ሰዓት ይሞላል። አንዳንዶቹ ፊልሞች በየግማሽ ሰዓቱ አዲስ ርዕስ የሚያወጡት ደግሞ ኢስቱዲዮስ አሜሪካ የሚባለው ስቱዲዮ የሠራተኞች ማኅበር አጭር ፊልም እንጂ ረጅም እንዲሠራ ስላልተፈቀደለት ነው፤ ሦስት «አጭር» ሠርተው ሲሰፉት አንድ ረጅም ይወጣዋል። ሳንቶ በ1984 ሲያርፍ የተቀበረው ከነጭንብሉ ነው።

በኋላ ፊልሙ ወደ ቪዲዮ ካሴት ወረደ፤ በጥቂት ሳምንታት ተቀርጾ ድንበር ማዶ ለሚሠሩ ሜክሲካውያን ይሸጥ ጀመር። እሑድ ሶፋው ላይ የሚቀመጠው ተመልካች ቀን ሙሉ አዛዥ የነበረበት ነው፤ ፊልሙ ላይ የሚያዘው የሱን ባርኔጣ የደፋ ሰው ነው። የሞተው ወንበዴ ሲተነፍስ ቢያይ ይስቃል እንጂ ገንዘቤን መልሱ አይልም።

እኛ አገር ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ግን አንድ ነገር ይጎረብጠዋል። «አክተር አይሞትም» ተብሎ ነው ያደገው፤ እዚህ አክተሩ ይሞታል፣ ዘፈኑ ሞተ ካለ ማን ያድነዋል? መዘዙ የሚመጣው ፊልሙ ሲሸጥና ቀጣይ ክፍል ሲፈለግ ነው። ያኔ የሟቹ ወንድም ከሌላ ከተማ ይመጣል፤ ካልሆነ ልጁ አድጎ ይደርሳል። ካሜሊያን በ1978 በሌላ ፊልም ገደሏት፤ ዘፈኖቹ ወንድ ልጇን አመጡ፣ ቆየት ብሎ ሴት ልጇን። ይህን ገበያ የሚያሰጋው የቤተሰብ ምጣኔ ብቻ ነው።