በጥቅምት አንድ ሰዓት

ለተከበሩ አቶ የሰዓት ለውጥ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የተወሰደብኝ እንቅልፍ እንዲመለስልኝ ስለ መጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለነው፣ ከእንቅልፍ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን የምጽፍልዎት ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነው። በአንድ እጄ ስልክ፣ በሌላው ሚጣን ይዣለሁ። ሚጣ ዘጠኝ ወሯ ነው። ጡጦዋን ጨርሳ ጺሜን እየጎተተች ትስቃለች። ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ዓይኗ ላይ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ የአሜሪካን ሰዓት በአንድ ወደ ኋላ ሊመልሱ ብቅ ሲሉ ሰዉ ሁሉ ስጦታ ይዘው የመጡ ይመስለዋል። አንድ ሰዓት ትርፍ እንቅልፍ! እኔም ሳልወልድ በፊት ከአድናቂዎችዎ አንዱ ነበርኩ። ቅዳሜ አመሻለሁ፣ እሁድ ጠዋት "ዛሬማ ትርፍ አለኝ" ብዬ ገልበጥ እላለሁ። ስጦታው ልጅ ላለው ሰው እንደማይሠራ የነገረኝ የለም። በጥቅምት አንድ አጥንት ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ። በጥቅምት አንድ ሰዓት ግን ይቅርብኝ፣ አልፈልግም።

የሆነውን ልንገርዎት። ሚጣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ትተኛለች፣ ንጋት 12 ላይ ትነሳለች። (በሀበሻ ነው የምቆጥርልዎት፤ የፈረንጁን እርስዎ አበላሽተውታል።) ይህችን ሥርዓት ለመትከል አራት ወር ፈጅቶብናል። ገላ፣ ጡጦ፣ መጋረጃ፣ እሹሩሩ። እርስዎ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንደ ሌባ ገብተው 7 አደረጉት። ሚጣ በማግስቱ እንደ ወትሮዋ በሰዓቷ ተነሳች። ስልኬ ግን ከሌሊቱ 11 ይላል። ከሁለቱ ያጠፋው ማነው? እሷ አንድ ደቂቃ አላዛነፈችም።

ያን ሌሊት ባለቤቴ ሆስፒታል የማታ ተረኛ ነበረች። አሥራ ሁለት ሰዓት ልትሠራ ገብታ አሥራ ሦስት ሠርታ ወጣች። 7 ሰዓትን ሁለት ጊዜ ኖረችው። እሷስ ትርፉን ከፈሏት፤ ለእኔ የሚከፍለኝ ማነው?

እማዬ ደግሞ አለች። ልጅ ልታይ ከደብረ ማርቆስ ከመጣች ስድስት ወሯ ነው። የእጅ ሰዓቷ እንደ አገር ቤት ይሄዳል፣ አታስነካም። ሰመሩን ሙሉ የእሷ ሰዓት ከስልኬ በአንድ ብቻ ነበር የሚበልጠው፤ ስልኬ በፈረንጅ ሦስት ሲል የእሷ በሀበሻ አራት። ለምጄው ነበር። አሁን ልዩነቱ ሁለት ሆነ። "እማዬ፣ ሰዓትሽን ላስተካክልልሽ?" ብላት "ያበደው የናንተው ነው፣ እሱን አስተካክል" አለችኝ።

እና እሁድ ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ እማዬ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሚጣን አሳምራ፣ ሳሎን ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ሁለቱም በአሮጌው ሰዓት። ማስረዳት ከመንዳት ከበደኝና ነዳሁ። ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰዓት ቀድመን ደረስን። በሩ ላይ እንደ እማዬ ያሉ አራት እናቶች ቆመዋል። ሀበሻን ከቀጠሮ ቀድሞ ያስገኘ ከእርስዎ በቀር አላውቅም፤ ይህቺን ምስጋና ይውሰዱ።

እሁድ ማታ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። አንድ ሰዓት አቆይቼ ባስተኛት አንድ ሰዓት ዘግይታ ትነሳለች አልኩ። ሂሳብ ነዋ! 12 ሰዓት ላይ ዓይኗን ማሸት ጀመረች። ጆሮዋን ያዘች። የቤቱን መብራት ሁሉ አበራሁ። እስክስታ ወረድኩላት። እማዬ ሶፋ ላይ ሆና "ልጁ ምን ሆነ?" ትላለች፤ ልጁ እኔ ነኝ። 1 ሰዓት ሲሞላ አልጋዋ ላይ ሳስቀምጣት እንደ አምቡላንስ ጮኸች። አንድ ተኩል ላይ እየተንሰቀሰቀች ተኛች። የተነሳችው ስንት ሰዓት ላይ ይመስልዎታል? ከሌሊቱ 10።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከዚህ በኋላ አንተ ልልህ ነው። አንቱታ እንቅልፍ ላገኘ ሰው ነው።

የሕፃናት ሐኪማችን ስነግራት ሳቀች። ከልክ በላይ የደከመ ሕፃን ይባስ ቀድሞ ይነሳል አለችኝ። ሕፃን የሚሄደው በብርሃን ነው። ብርሃን በዓይኑ ሲገባ አንጎሉ ነግቷል ይላል፤ ሲጨልም ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ይመጣና እንቅልፍ ይጠራል። ይህ ዑደት ልጅ ሦስት አራት ወር ሲሞላው ነው መስመር መያዝ የሚጀምረው። ትልቅ ሰው ስልኩን አይቶ ራሱን ይሸነግላል። ሚጣ ስልክ የላትም።

ማድረግ የነበረብኝ፣ አንተ ከመምጣትህ አራት አምስት ቀን ቀደም ብሎ መኝታዋን በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ እየገፉ ማዘግየት ነበር። ምግቧም፣ የቀን እንቅልፏም አብሮ ይገፋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሳለች ውጭ ማውጣት፣ ጠዋት ደግሞ መነሻዋ እስኪደርስ ክፍሉን ማጨለም፣ ብትነቃም ቶሎ መብራት አለማብራት። ማርች ላይ ሰዓቱን ወደፊት ልትገፋ ተመልሰህ ስትመጣ ሁሉም ይገለበጣል፦ መኝታው በየቀኑ ቀደም ይላል፣ ጠዋት ብርሃን፣ ማታ ጨለማ። ያለፈበት ሰውም ከዛሬ ጀምሮ እንዲሁ ቀስ እያለ ይግፋ አለች።

ደግ ሐሳብ ነው። ግን ካንተ ወዲህ ፀሐይ 11 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ከሥራ ስመለስ የትኛዋን ፀሐይ ላሳያት? ለእማዬ አደራ ሰጠኋት። እማዬ 9 ሰዓት ላይ በአንቀልባ አዝላ መናፈሻ ትወስዳታለች። ችግሩ፣ ጀርባዋ ላይ ትተኛለች።

ከማላውቀው ጋር አልጣላም ብዬ ዘርህንም አጠናሁ። ልጅ ሲዳር እንደሚደረገው ሰባት ቤት ባልደርስም ቆጠርኩህ። በፈረንጆች 1895 ኒውዚላንድ ውስጥ ጆርጅ ሃድሰን የሚባል የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ነፍሳት መልቀም ይወዳል፤ ብርሃን አነሰኝ ብሎ ሰዓቱ በሁለት ይገፋ አለ። የእኔ ልጅ ለቢራቢሮ ነው እንቅልፍ ያጣችው ማለት ነው! ቀጥሎ እንግሊዛዊው ቤት ሠሪ ዊልያም ዊሌት በ1907 መጣ። እሱ እንኳ ርኅራኄ ነበረው። በኤፕሪል አራት እሁዶች ሃያ ሃያ ደቂቃ እየገፋን እንሂድ ነው ያለው፤ ልክ እንደ ሐኪማችን። ማን ሰማው? ጀርመን በ1916 በጦርነቱ መሀል ከሰል ልቆጥብ ብላ ሙሉውን ሰዓት በአንድ ሌሊት ገፋችው። አሜሪካ በ1918 ተከተለች።

አንተ ለገበሬ ተብለህ መጣህ የሚሉ አሉ። ገበሬዎቹ ግን ጮኸውብህ በ1919 ኮንግረስ ሽሮህ ነበር። ለእማዬ ይህን ባወራላት ሳቀች። "ላሚቱስ ሰዓት ታያለች እንዴ? ጡቷ ሲሞላ ነው የምትጮኸው" አለች። ሐኪማችን ከነገረችኝ ብዙም አይለይም።

አልዋሽህም፣ ለምን እንደተፈጠርክ ይገባኛል። አዲስ አበባ የዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ ስትወጣ 12፣ ስትጠልቅ 12፣ አለቀ። እዚህ ዋሽንግተን ግን ቀኑ ጁን ላይ አሥራ አምስት ሰዓት ይጠጋል፣ ዲሴምበር ላይ ወደ ዘጠኝ ተኩል ይወርዳል። እንዲህ የሚለጠጥ ቀን ያለው አገር ከሰዓቱ ጋር ቢጣላ አይፈረድበትም። ግን ጠባችሁን ሕፃን አልጋ ድረስ ለምን ታመጣላችሁ?

ፊኒክስ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደውላ ትስቅብናለች። አሪዞና፣ የናቫሆዎች (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ምድር ሲቀር፣ አንተን ከበር መልሶሃል። "ኑ ወደዚህ፣ ሙቀቱን ትለምዱታላችሁ" ትለናለች። ባለቤቴ የቤት ዋጋ ማየት ጀምራለች፤ ይህን እንደ ማስፈራሪያ ቁጠረው።

ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ማርች ላይ መምጣትህ ካልቀረ እንደ ዊሌት በሃያ ሃያ ደቂቃ ና። ይህም ከከበደህ አንዲት ሌሊት፣ 10 ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ኩሽና ናና ሚጣን ያዝልኝ። ጡጦው የት እንዳለ አሳይሃለሁ።

የማይክሮዌቩን ሰዓት እንዳልነካሁት እግረ መንገዴን ላሳውቅህ። እንዴት እንደሚስተካከል አላውቅም። ማርች ላይ ራሱ ልክ ይሆናል።

ከማዛጋት ጋር፣
የሚጣ አባት

ግልባጭ
ለእማዬ፤ ሰዓቷን እንዳትቀይር
ለማይክሮዌቩ፤ እንዲያውቀው
ለሚጣ፤ እባካችሁ ከነጋ በኋላ ይሰጣት