«ድሮን ጉቦ አይበላም» አሉን

ባለፈው ሳምንት አንድ የከተማ አስተዳደር ያወጣው የጨረታ ማስታወቂያ በቴሌግራም ሲዞር ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። የከተማውን ስም ልተወው። ቀያሽ ነኝና ነገ እዚያው ሥራ ፍለጋ መሄዴ አይቀርም። ጨረታው ለማስፋፊያ ቦታ ቅየሳ፣ ለጎርፍ መውረጃ ቦይ ዲዛይንና ለይዞታ ድንበር ልየታ «የድሮን ባለሙያ» ይፈልጋል። ሦስቱንም በአንድ ሎት፣ በአንድ ጥቅል ሥራ።

መስፈርቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባትሪው ስንት ደቂቃ ያበርራል? ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው? መለዋወጫ አለው ወይ? ተጫራቹ ቀያሽ ይኑረው የሚል አንድ መስመር የለም። ኮንትሮል ፖይንት፣ ማለትም ፎቶው ከትክክለኛ ቦታው ጋር የሚያያዝበት መሬት ላይ የተለካ ምልክት፣ የሚል ቃል የለም። ከፍታው ከየትኛው ቤንችማርክ፣ ልኩ ከሚታወቅ ቋሚ ምልክት፣ ይነሳ የሚልም የለም። መጨረሻ ላይ የተለመደው አለ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል።

ይሄ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ያናደደኝ በማብራሪያው ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ የተናገሩት ነው። ድሮን አይዋሽም፣ ጉቦም አይበላም፣ ከእንግዲህ የድንበር ክርክር ያበቃለታል አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

እስቲ እዚህች ላይ ትንሽ እንቆይ። ድሮን ጉቦ አይበላም። እውነት ነው። ሜትርም አይበላም። ቶታል ስቴሽን የሚባለው የመለኪያ መሣሪያችንም እስከ ዛሬ የሻይ ስጡኝ ሲል አልሰማሁም። በአፄ ምኒልክ ዘመን መሬት በቀላድ ሲለካ ገመዱ ከማንም እጅ መንሻ አልተቀበለም። ገመዱን የሳበው፣ ጫፉን የት እንደሚያሳርፍ የወሰነው፣ ስንት ጋሻ ሆነ ብሎ የጻፈው ሰው ነው። ድሮኑም ቢሆን ፎቶ ያነሳል እንጂ ድንበር አያሰምርም። የሚያሰምረው ቢሮ የተቀመጠ ሰው ነው፤ በማውስ። ማውስ ግማሽ ሜትር ወደ ግራ መግፋት ደግሞ ችካል ነቅሎ ከመትከል በጣም ይቀላል። ችካል ሲነቀል ቢያንስ ውሻ ይጮኻል።

ዋናው ነገሬ ግን ይሄ ነው፦ ድንበር ከሰማይ አይታይም። ከሰማይ የሚታየው ቆርቆሮ ነው። ዛፍ ነው። አጥር ነው። አጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ድንበር ላይ አይቆምም፤ ሰውየው ገንዘብ ባገኘ ጊዜ፣ እንጨት ባለበት በኩል የቆመ ነው።

አንድ ከተማ ዳርቻ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ፎቶው ላፕቶፑ ላይ ፏ ብሎ ወጥቷል። እያንዳንዱ ነጥብ መሬት ላይ ሦስት ሴንቲሜትር አይሞላም። ግቢ ውስጥ የተሰጣውን በርበሬ ሳይቀር ታያላችሁ። የሁለቱ ጎረቤታሞች ጣሪያ ግን ተነካክቶ አንድ መስሏል። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ መሃሉን ገምቶ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ማግስቱን ካርታውን ይዘን ስንሄድ የግቢው ባለቤት አዛውንት አዩት፣ አዩትና «ና ልጄ» ብለው በጓሮ ይዘውን ዞሩ። ዶማ አነሱ። ከጣሪያው ጠብታ ሥር፣ ከኮባው አጠገብ አፈሩን ገፋ ገፋ አደረጉት። ድንጋዩ እዚያው ነው። ከልጁ መስመር አንድ ሜትር ከአርባ ይርቃል። ጎረቤታቸው በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ «አዎ ጋሼ፣ እሱ ነው፤ አባዬ ሲተክሉት እኔም ነበርኩ» አለች። በቃ። በሁለቱ መካከል ክርክር የሚባል ነገር አልነበረም። ክርክሩን ይዘንላቸው የሄድነው እኛ ነን።

ያቺ ድንጋይ በየትኛውም ሜጋፒክስል አትታይም። ከኮባ ሥር ናት። የምትታየው በአዛውንቱ ትዝታና በጎረቤትየዋ «አዎ» ውስጥ ነው። ድንበር ማለት ሁለት ሰዎች ቆመው «እዚህ ነው» ያሉት ቦታ ነው። ቀያሽ የሚለካው ያንን ነው። ካሜራው ላይ ጎረቤት የሚጠራ ቁልፍ የለውም።

ይሄ የአሮጌ ቀያሽ ተረት እንዳይመስላችሁ ገጠሩን ተመልከቱ። የገበሬው የሁለተኛ ደረጃ ይዞታ ማረጋገጫ፣ ያ የማሳው ካርታ ያለበት፣ የተሠራው ከላይ በተነሳ ፎቶ ነው። በአውሮፕላንና በሳተላይት። ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳ በዚህ መንገድ ተለይቷል። ግን እንዴት? ፎቶው በወረቀት ታትሞ ማሳው ድረስ ሄደ። ገበሬው ከአዋሳኞቹ ጋር ድንበሩን በእግሩ ዞረ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ቆሞ መሰከረ። ከዚያ ነው ፎቶው ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረው። ያም አልበቃ ብሎ ውጤቱ ለሕዝብ ተለጥፎ ተሳስቷል የሚል ካለ ይምጣ ተባለ። በከተማም ቢሆን የይዞታ ምዝገባ አዋጁ ይዞታ ተረጋግጦ ይመዝገብ ነው የሚለው። ፎቶ ተነስቶ ይለቅ አይልም። እኚህ ኃላፊ አዋጁን አንብበውት ይሆን? ካነበቡት ደግሞ የባሰ ነው።

«ቀያሽ ይዘገያል፣ ያስወድዳል» ይሉኛል። በረራውማ ፈጣን ነው። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከበረራው በፊት ያለውን ግን ማን ይቁጠረው? ድሮን በዚህ አገር እንደ ጃንጥላ ይዘውት የሚወጡት ዕቃ አይደለም። ከውጭ ይዞ የመጣ መንገደኛ ፈቃድ ከሌለው ቦሌ ላይ አስረክቦ ይገባል። የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደር ሳያውቀው አይነሳም። ለክልሉ ደብዳቤ፣ ለፖሊስ ደብዳቤ፣ ለወረዳው ግልባጭ። ደብዳቤው ሲዞር በሌቭልና በስታፍ፣ በከፍታ መለኪያውና በባለቁጥሩ ዘንግ፣ ቦዩን ዳር እስከ ዳር ለክቼ እጨርሳለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ቀልድ ሳልቀላቅል ልበል። ዛሬ በአገራችን ስንት ቦታ ነው የድሮን ድምፅ ሲሰማ ሰው ልጁን ይዞ የሚሮጠው? ስለ ባትሪ ደቂቃ የሚጠይቅ ጨረታ፣ ከበረራው በፊት ነዋሪው ይነገረው የሚል አንድ መስመር እንዴት ያጣል?

ወደ ጨረታው ልመለስ። በዚህ መስፈርት ማን ያሸንፋል? እኔ አውቀዋለሁ። የወንድሜን ሰርግ የቀረጸው ልጅ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ከላይ ያነሳውን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ደጋግሞ ያየዋል። ከጥቂት ወር በኋላ ግን ቢዝነስ ካርዱ ላይ ከ«ሰርግና ልደት» ሥር «የመሬት ቅየሳ» የሚል ተጨመረ። አንድ ማታ ደወለልኝ። ካርታውን ከድሮው ፕላን ላይ ሲያስቀምጠው ሰፈሩ በሙሉ 200 ሜትር ገደማ ሸሽቶበታል። መሐንዲሱ «አዲንዳን ነው» አሉኝ አለ። «ማነው አዲንዳን? ስልኩ አለህ?»

ስልክ የለውም። አዲንዳን የድሮ ካርታዎቻችን የቆሙበት የቦታ ልኬት መነሻ ሥርዓት ነው። ስሙ ከሱዳንና ከግብፅ ድንበር አካባቢ የመጣ ነው፤ የዓባይ ቅየሳ ትዝታ። የድሮኑ ጂፒኤስ የሚያወራው ሌላ ቋንቋ ነው። ሳትተረጉም አንዱን በሌላው ላይ ብትጭን የአንዱ ቤት የሌላው ቀበሌ ውስጥ ያድራል። ሰፈሩ በሙሉ ስለሚሸሽ የሚታይ ስህተት በመሆኑ ልጁ ዕድለኛ ነው። የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ኮንትሮል ፖይንት ካልተተከለና ካልተለካ ተራ ድሮን በራሱ ጂፒኤስ ብቻ ብዙ ሜትር ሊስት ይችላል፤ ፎቶው ግን ያው ፏ ያለ ነው። ስህተቱ ፎቶው ላይ ተጽፎ አይወጣም።

ኮንትሮል ፖይንት ሲባል ደግሞ ከባድ ነገር እንዳይመስላችሁ። እኛ ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ ቀድደን፣ በቀለም መስቀል ሠርተንበት፣ በአራት ድንጋይ እንይዘዋለን። ከዚያ መሃሉን በትክክል እንለካለን። አንድ ጊዜ ድሮኑ ሊነሳ ሲል አንዷ ጆንያ ጠፋች። ፈለግን። አንዲት እናት ወስደው ጌሾ አስጥተውባታል። «ወድቆ አገኘሁት፣ ደህና ጆንያ ነው» አሉን። ቡና ጠጥተን፣ ሌላ ጆንያ ዘርግተን እንደገና ለካን። ግማሽ ቀን ሄደ። ቅየሳ ማለት ይሄ ግማሽ ቀን ነው። ዝቅተኛ ዋጋ የሚያቀርበው ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠውም ይችኑ ግማሽ ቀን ነው።

የጎርፍ ቦዩን በአጭሩ ልለፈው። አንድ ቦይ በመቶ ሜትር ሃምሳ ሴንቲሜትር ቢወርድ ጥሩ ነው እንላለን። ከፎቶ በሚሠራ ካርታ ደግሞ ከፍታው ከአግድሙ ልክ ይልቅ ይስታል። ባህር ዛፍ ካለ የሚለካው ቅጠሉን ነው፤ ሣር ካለ ሣሩን። ሃያ አምስት ሴንቲሜትር እዚህ ጨምሮ ሃያ አምስት እዚያ ቢቀንስ፣ ቁልቁለታችሁ አለቀ። ውሃው ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ወይም ወደመጣበት ይመለሳል። ክረምት ሲገባ ማን ቤት እንደሚገባ እናያለን።

ድሮን ጠላቴ አይደለም። የድንጋይ ካባ ቁፋሮን ለመለካት፣ የተከመረ አሸዋና ሰሌክት ማቴሪያል (የሙሌት አፈር) ስንት ሜትር ኪዩብ እንደሆነ ለማወቅ፣ ለኮንትራክተሩ ክፍያ ሙሌቱ የት ደረሰ ለማለት እሰየው ነው። ሊናድ የደረሰ የካባ አፋፍ ላይ ስታፍ የያዘ ልጅ ማቆም ኃጢአት ነው። እኔም እከራየዋለሁ። ግን ድሮኑን የምከራየው እኔ ነኝ፤ ድሮኑ እኔን አይከራይም። ሐኪም ቤት ራጅ የሚያነሳ ማሽን ስለገዛ ሐኪሞቹን አሰናብቶ «ማሽኑ አይዋሽም» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ጨረታው ሊዘጋ ስድስት ቀን አለው። ማሻሻያ ማውጣት ይቻላል፤ አንድ ገጽ ይበቃል። የድንበሩን ልየታ ከሎቱ ያውጡትና ለባለፈቃድ ቀያሽ ይስጡ፤ አዋሳኞች በተገኙበት የሚል ይጨመርበት። የቦዩ ከፍታ በሌቭል ይለካ። ለቀረው ደግሞ ተጫራቹ ስንት ኮንትሮል ፖይንት እንደሚተክል፣ ከየትኛው ቤንችማርክ እንደሚነሳ፣ ስንት ነጥብ ለይቶ ስህተቱን እንደሚፈትሽ በጽሑፍ ያቅርብ። የሰርጉን ልጅ ደውዬ አማክሬዋለሁ፤ ይሄ ከተጨመረ አልጫረትም ብሏል።